የቦሌው ልጅና የእድራችን ድረ ገጽ

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ እማዬ ቀድማ ትመልሳለች። "ኮምፒውተር ላይ ነው የምትሠራው" ትልና ወሬውን እዚያው ትዘጋዋለች፤ ጠያቂውም ባንክ የምሠራ መስሎት ደስ ብሎት ይሄዳል። እኔ የምሠራው ድረ ገጽ ነው። ስልካችሁን ከፍታችሁ የምታዩት ገጽ ላይ ጽሑፉ የት ይቀመጥ፣ ሥዕሉ ምን ያህል ይሁን፣ ቁልፉ ሲነካ ወዴት ይውሰድ እያልን የምንጽፈው እኔና መሰሎቼ ነን። ገጹ አልከፈት ሲላችሁ የምትረግሙት ኔትወርኩን ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ኔትወርኩ ሲሰደብ ግን ዝም ብለን እንሰማለን።

ያኔ አንድ ጽኑ እምነት ነበረኝ፤ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያማረ ገጽ በዓለም ሁሉ ያማረ ነው የሚል። ኮምፒውተሬ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ስክሪኑ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ ከእውነተኛው ይደምቃል። ሲግናል ሰፈር ፎቅ ላይ ባለው ቤታችን መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የሠራሁትን ገጽ ጠጋ ብዬ፣ ራቅ ብዬ፣ አንገቴን ዘመም አድርጌ ሳየው በራሴ እቀና ነበር። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፤ እኔም ለራሴ አድናቆት ስቆርስ አላሳነስኩም።

የጣጣው ሁሉ መነሻ እድራችን ነው። ድሮ ሁላችንም ቀበና ወንዝ ዳር አጥር ለአጥር ተደጋግፈን ነበር የምንኖረው። ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊው ጋሽ ደምሴ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመው ቢነፉ ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግን ጎረቤት ተበተነ፤ ከፊሉ ላምበረት፣ ከፊሉ ኮተቤ፣ ከፊሉ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ሲግናል። እድሩ አልፈረሰም፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ድስቱም እዚያው ቀበና አንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠዋል። ሰው መጥሪያ ነው የጠፋው።

ጋሽ ደምሴ መጀመሪያ ጥሩንባቸውን ይዘው በታክሲ ይዞሩ ጀመር። አንዱ ኮንዶሚኒየም ግቢ ገብተው ሲነፉ ነዋሪው የቆሻሻ መኪና የመጣ መስሎት ማዳበሪያውን እየጎተተ ከየፎቁ ወረደ። እሳቸው የሟቹን ስም ይጠራሉ፣ ሰዉ ደግሞ የት እናስቀምጥ ይላቸዋል። ከዚያ የስልክ ግሩፕ ተከፈተ፤ ግሩፑ ሳይውል ሳያድር "እንደምን አደራችሁ" በሚሉ የአበባ ሥዕሎች ተጥለቀለቀና መርዶው በጽጌረዳ መካከል ጠፋ። አጭር መልእክትም ተሞከረ፤ እሱንም ሰዉ የዕጣ ማስታወቂያ እየመሰለው ሳይከፍት ያጠፋዋል።

በዚህ መካከል የእድሩ ዳኛ ሻምበል ጌታነህ ቁርጡን ተናገሩ። ሻምበል ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ነገር አያስታምሙም። ሰው ጠርቶ የማያመጣ እድር እድር አይባልም፣ እስከሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ መላ ካልተገኘ ንብረቱን ለተቸገረ ሰፈር ሰጥተን እንለያይ አሉ። እማዬ ከስብሰባው ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታጥፍ ወንበር ላይ ጣለችው። ይሄ የእሷ ጠባይ አይደለም።

"አባትሽን የቀበረልኝ ይሄ እድር ነው" አለችኝ። "እኔን ማን ሊቀብረኝ ነው? ደረጃው ላይ የምንጋፋቸው ሰዎች?"

እማዬ ስታዝን አፌ ይፈጥናል፤ እኔ ምን ልሠራ ነው የተቀመጥኩት፣ ለእድሩ ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ ሁሉም ጠዋት ተነስቶ ያንን ብቻ ይከፍታል፣ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሚቀበር እዚያ ያነባል አልኩ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። እምነቷ ፊቷ ላይ ስለነበር ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት አልተቻለም።

ሠራሁት። ከላይ ጭጋግ የለበሰ የእንጦጦ ተራራ፣ ከመሃል ነበልባሉ የሚወዛወዝ ሻማ፣ ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ እየተንሸራተተ የሚመጣ ጽሑፍ። ፊደሉን የብራና ጽሑፍ የሚመስል መረጥኩለት። ኮምፒውተሬ ላይ ሞከርኩት፣ አማረ። እማዬ ስልክ ላይ ሞከርኩት፣ አማረ። የእማዬ ስልክ የራሴ የቀድሞ ስልክ ነው፤ አዲስ ስገዛ ለእሷ ያወረስኩት። እንግዲህ ከሳሽም፣ ምስክርም፣ ዳኛም እኔው ሆኜ ራሴን በነጻ አሰናበትኩ ማለት ነው።

ለወጉ ያህል ግን አባላቱን ዞሬ ጠየቅሁ። ላምበረት አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሻንጣና ብርድ ልብስ የሚሸጡት ሐጂ ከድር ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ወደ ብርሃን አዙረው፣ አቅርበው፣ አርቀው አዩና "ማሻ አላህ፣ አጭርና ግልጽ ነው" አሉኝ። ወይዘሮ አስካለ የካ አባዶ ባለው ቤታቸው ልጃቸው ከዐረብ አገር የላከችላቸውን ታብሌት ከፍተው "እንደው ንጽሕናው! እጅሽ ይባረክ" አሉ። ጋሽ ደምሴ የልጃቸውን አሮጌ ስልክ እያዩ "ሥርዓት አለው፤ ተሰልፏል" ሲሉ አደነቁ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ሥርዓት ያለው ተብዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። የሻምበል እናት እማማ ዘውዴ ዕድሜ ጠግበው አረፉ። ሻምበል ራሳቸው ደወሉልኝ፤ ጥሩንባ እንዳይነፋ፣ ማስታወቂያው በገጹ ብቻ እንዲወጣ አዘዙ። እንዳዘዙኝ "የቀብር ሥነ ሥርዓት በእንጦጦ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን" ብዬ ሻማውን ለኮስኩ።

ሐጂ ከድር ስልካቸውን ሲከፍቱ ከእማማ ዘውዴ ስም ሥር ያዩት "የቀብር ሥነ ሥርዓት በእንጦጦ" የሚል ብቻ ነበር። ራጉኤል ከስክሪኑ ጠርዝ አልፎ ወድቋል። ወይዘሮ አስካለ ምንም ስላላዩ ለሐጂ ደወሉላቸው፤ ጋሽ ደምሴም ለሐጂ ደወሉላቸው፤ የኮተቤዎቹም እንደዚሁ። ሐጂም ሐዘን ላይ ያሉትን ሻምበልን መጠየቅ ከብዷቸው ለብቻቸው አሰቡና እንጦጦ ከተባለ ማርያም መሆን አለባት ብለው ወሰኑ። ሚኒባስ ተሞልቶ፣ ከኋላም ሌላ ተከትሎ፣ ዳገቱን ወጥተው ማርያም ሲደርሱ እውነትም ቀብር አለ። ሐጂ ከበሩ ውጭ ቆሙ፤ የቀሩት ገብተው ልቅሶውን አቀለጡት። ወይዘሮ አስካለ እንባ አይነፍጉም፤ የሟቹ ዘመዶች ሳይቀሩ ብብታቸውን ይዘው ይደግፏቸው ጀመር። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሟቹ የብዙ ዘመን ሹፌርና የልጆች አባት ሆነው አረፉት።

አሁን ምን ይደረግ? ያን ያህል ከተለቀሰ በኋላ ተሳስተናል ብሎ መውጣት ነውር ነው። ቆዩ። ሬሳ በመሸከምም አገዙ፣ አፈርም መለሱ፣ ቤተሰቡንም አጽናኑ። ቤተሰቡ እንደ ገመተው ከሆነ እነዚህ አልቃሾች ሟቹ በዘመናቸው ያሳፈሯቸው ተሳፋሪዎች ናቸው። ሹፌሩ እንዲህ የተወደዱ ሰው መሆናቸውን ልጆቻቸው ያወቁት በዚያ ቀን ነው፤ ከገጼ የተጠቀመ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ራጉኤል ደግሞ ሻምበል፣ ጥቂት የሥጋ ዘመዶች፣ እማዬና እኔ ቆመናል። በር በሩን እናያለን። ቄሶቹ ጠበቁ፣ ጠበቁና መጠበቅ አልተቻለም። ሬሳ የሚሸከመው እድር ነው፤ ሐዘንተኛ አይሸከምም። የዚያን ቀን ግን ሻምበል ጌታነህ በዚያ ዕድሜያቸው የእናታቸውን ሳጥን በገዛ ትከሻቸው ተሸከሙ። ሰዉ ዘግይቶ፣ በሌላ ሰው ልቅሶ ዓይኑ ቀልቶ ሻምበል ደጃፍ የተተከለው የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ማንንም አልተቆጡም። ወደ እኔ ብቻ ዞር አሉ።

"ልጄ፣ ገጹ ያምራል" አሉኝ። "እናቴን ግን ያለ ሰው ነው የቀበርኳት።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። የመፍረሱ ጉዳይ የጉባኤው የመጀመሪያ አጀንዳ እንዲሆን እዚያው ተወሰነ።

በማግስቱ ላምበረት ሄጄ ሐጂን እስቲ ስልክዎን ያሳዩኝ አልኳቸው። አየሁት። ግማሹ ጽሑፍ የለም። ከዚያ ወይዘሮ አስካለ ጋ ሄድኩ፤ ታብሌቱ ላይ ነጭ ገጽ ብቻ አለ፣ ያደነቁት ንጽሕና ያ ነው። ጋሽ ደምሴ ስልክ ላይ ፊደሉ ሁሉ ወደ ባዶ ሳጥን ተለውጧል፤ ሳጥን በሳጥን ተሰልፎ። የሬሳ ሳጥን መስሏቸው ለእድር የሚገባ ሥዕል ነው ብለው እንዳደነቁ ነገሩኝ። ወደ ሐጂ ሱቅ ተመልሼ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ብጠይቃቸው እንደ ሞኝ አዩኝ። አባትሽን የማውቅ ሰው፣ የጎረቤቴን ልጅ ሥራሽ አይታይም ልበልሽ ወይ አሉኝ።

ያኔ ገባኝ። ሙያዬ ላይ ያሉ ሰዎች ሁሉ ተጠቃሚውን ጠይቁ ይላሉ። የእኛ ሰው ሲጠየቅ ግን የሚመልሰው ስለ ገጹ አይደለም፣ ስለ ጠያቂዋ ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር በየስልኩ ውስጥ ተቀምጦ፣ ነጩን ገጽ ንጹሕ፣ የተቆረጠውን አጭር እያለ ሲያስመርቀኝ ከርሟል። እውነቱን እንዲነግሩኝ ብለምናቸው ደግሞ ይብሱን ይመርቁኛል።

እያዘንኩ ሱቁ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ አንድ ደንበኛ ከሌላ ቦታ የተገዛ ሻንጣ ይዞ ገባ። ሐጂ ሻንጣውን ተቀብለው ገለበጡት። ዚፑ እንደሚነክስ፣ ገበሩ ጎንደር ሳይደርስ እንደሚቀደድ፣ እጀታው በሙጫ እንጂ በክር እንዳልተያዘ አንድ በአንድ ዘረዘሩ። እኔ ቁጭ ብዬ አፌን ከፈትኩ። እንዲህ ያለ መርማሪ እያለልኝ ነው እንዴ ማሻ አላህ ሲባልልኝ የነበረው? የሰው ሥራ ሲሆን ዓይናቸው ጭልፊት ነው።

ደንበኛው እንደ ወጣ ዋሸሁ። እኔ ትቼዋለሁ፣ አንድ የቦሌ ልጅ ሌላ ሠርቶ አምጥቷል፣ እንቅጠረው አንቅጠረው ሳይባል እስቲ ጉዱን እዩለት አልኳቸው። ያሳየኋቸው ያንኑ የራሴን ገጽ ነው፤ ቀለሙን ብቻ ከሐምራዊ ወደ አረንጓዴ ቀይሬዋለሁ።

ግድቡ ተናደ። ሐጂ ከድር ይሄ ልጅ ጽሑፉን የሚቆርጠው በመጋዝ ነው ወይ አሉ። ወይዘሮ አስካለ ነጭ ወረቀት ለማየት ታብሌት አልተላከልኝም፣ ሰው አታላይ ነው አሉ። ጋሽ ደምሴ፣ እኒያ ሥርዓቱን ያደነቁ ሰውዬ፣ ልጁ ፊደል ስላልቆጠረ ሳጥን ደረደረ ሲሉ ፈረዱበት። ኮተቤ ያሉ አንድ እናት ሻማው የሞባይል ካርዳቸውን አቅልጦ እንደጨረሰው ተናገሩ። እኔ እየነደድኩም እየተደሰትኩም ሁሉንም ያዝኩ።

በየሳምንቱ የቦሌው ልጅ አሻሽሎታል እያልኩ ይዤ እሄዳለሁ፤ እነሱም በየሳምንቱ ያብጠለጥሉታል። አንድ ቀን ወይዘሮ አስካለ ሰነፍ ሲሉት አላስችል ብሎኝ ልጁ እኮ እየለፋ ነው አልኩ። አንቺ ምን አገባሽ፣ ዘመድሽ ነው ወይ አሉኝ። እማዬም ነገሩ ገብቷታል መሰለኝ፣ አንድ ምሽት ከኮምፒውተሬ አልነሳ ስላት ከወጥ ቤት ድምጿን ከፍ አድርጋ "ያ የቦሌ ልጅ ራቱን በልቷል?" አለች።

ከሁሉም ያፈርኩት ግን በራሴ ሙያ ነው። ድረ ገጽ የሚጻፍበት ዓለም የተስማማበት ደንብ አለ። ገጹ ደንቡን መጠበቅ አለመጠበቁን የሚመረምር መሣሪያም አለ፤ እኔ እሱን የማየው እንደ ጀማሪ ምርኩዝ ነበር። ገጼን ብሰጠው ቀይ በቀይ ሆኖ ተመለሰ። ከፍቼ ያልዘጋሁት ምልክት አለ፣ ያለ ቦታው ያስገባሁት አለ። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ገጽ መክፈቻ፣ ብራውዘር የሚባለው፣ ጥፋቴን ሁሉ እየሸፈነ ሲያሳምርልኝ ኖሯል፤ እሱም ይሉኝታ ይዞት ማለት ነው። ነገሩን ሳስበው ይህ ደንብ ከእድር ደንብ አይለይም። ሀብታሙም ድሃውም፣ አዲሱም አሮጌውም የሚስማሙበት አንድ ሕግ ካለ፣ እሱን ጠብቆ የተጻፈ ገጽ በየትኛውም ቤት ይስተናገዳል። ለእኔ ቤት ብቻ የተጻፈ ገጽ ግን ከእኔ ደጃፍ አያልፍም።

ስለዚህ አፈረስኩት። ሻማውን አጠፋሁ፣ የእንጦጦን ጭጋግ ገፈፍኩ፣ የሚንሸራተተውን ጽሑፍ ባለበት አስቀመጥኩት። መጀመሪያ እርቃኑን ጽሑፍ በደንቡ ጻፍኩ፣ ምንም ጌጥ ሳይኖር የሚነበብ። ጌጡ ከዚያ በላይ፣ ስልኩ ከቻለ ብቻ እንዲታይ አደረግሁ። ጽሑፉ የስክሪኑን ስፋት እያየ እንዲታጠፍ፣ የአማርኛ ፊደል ለሌለው ስልክ ገጹ የራሱን ፊደል ይዞለት እንዲሄድ ሠራሁ። ቦታው ከላይ፣ ጎላ ብሎ። በመጨረሻ መርማሪው መሣሪያ አንድም ቀይ ሳያወጣ አሳለፈኝ፤ ሐጂ ከድርም አገላብጠው አዩና ይሄ ልጅ በስንት ስድብ ሰው ሆነ አሉ። በሕይወቴ ከተመረቅሁት ምርቃት ሁሉ ያቺን እመርጣለሁ።

ሻምበል ግን በወሬ አያምኑም። ልምምድ ሳይደረግ ውጊያ አይገባም አሉና የጉባኤውን ቦታ ለማንም ሳይናገሩ ያዙት። እሑድ ጠዋት ለእኔ ብቻ ይነግሩኛል፣ እኔ ገጹ ላይ አወጣዋለሁ፤ ጥሩንባ የለም፣ መደዋወል ክልክል ነው። ሰው ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ የፍቺው ስብሰባ እሱ ነው።

እሑድ ጠዋት የላኩልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። "እንጦጦ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው የባሕር ዛፍ ሜዳ።" ሆን ብለው ነው። አወጣሁትና ከእማዬ ጋር ዳገቱን ወጣን። ሻምበል ከባሕር ዛፎቹ ሥር ከመጋዘኑ የመጡትን ወንበሮች በወታደር ደንብ ደርድረው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። እማዬ ከፊት ተቀመጠችና መንገዱን ታይ ጀመር። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ሲሠራ ያደረ ገጽ ሲከፈት የሚደነቃቀፍበትን ምክንያት ሁሉ በቃሌ ስለማውቀው ሁሉንም አንድ በአንድ ፈራሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የሐጂ ከድርን ነጭ ኮፍያ ነው። ባለ ቁልፍ ስልካቸውን እንደ ፋኖስ ከፊታቸው ዘርግተው ዳገቱን ይወጣሉ፤ ከኋላቸው ላምበረቶች አሉ። ከሌላ ሚኒባስ ወይዘሮ አስካለ ታብሌታቸውን አቅፈው ወረዱ። ጋሽ ደምሴ በኮተቤዎቹ መካከል እያለከለኩ፣ "ማንበብ ችያለሁ፤ ራጉኤል ይላል" እያሉ መጡ። ከዚያ ሰው ከሰው ጀርባ፣ ከዛፎቹ መካከል፣ ስማቸውን የረሳሁት፣ ከሰፈሩ ከተነሣን ወዲህ ያላየኋቸው ሁሉ። ወንበር አለቀ። ቀሪው ሣር ላይ ተቀመጠ፣ ሌላው ዛፍ ተደገፈ። አለቀስኩ፤ ደብቄም አላለቀስኩም።

ሻምበል የመጀመሪያውን አጀንዳ አነበቡ። እድሩ ይፍረስ የሚል እጁን ያውጣ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። ሻምበል ወረቀቱን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት።

"ለቦሌው ልጅ አጨብጭቡ" አሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ። አንድም ሰው ወደ ሌላ አላየም። ሲሰድቡኝ የከረሙት እያወቁ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እነሱም ፊት ለፊት ሊነግሩኝ ያልቻሉትን የሚያራግፉበት ሰው ስሰጣቸው ተገላግለው ኖሯል። ሐጂ ከድር ሳቃቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑት።

ስንወርድ እማዬ ክንዴን ይዛለች። ቁልቁለቱ ላይ ቆም አለችና ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተች፣ ቦታው የተጻፈበትን ጉልህ መስመር በጣቷ ነካችው።

"የእኔ ቀን ሲደርስም እንዲህ አድርገሽ ጻፊው" አለችኝ። "ከስሜ በፊት ቦታው ይቅደም። እኔንማ ያውቁኛል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምን ሟርት ነው ብዬ እቆጣት ነበር። እሷ ግን እየሳቀች ነበር፤ እሺ አልኳትና ክንዷን ይዤ ቁልቁለቱን ቀጠልን።